ስድስት ጠብታ ዘይት

መጋቢት 4

ለተወደድከው አማቼ፣ ባሕር ላይ፤

ይህ ደብዳቤ መርከብህን ቀድሞ ወደብ ላይ እንዲጠብቅህ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው። ሚስትህም ደህና ናት። ልጄ ዳይሬክተር ከሆነች ወዲህ ትምህርት ቤቱን እንደ ቤቷ፣ ቤቱን እንደ ትምህርት ቤቷ ታስተዳድራለች። ትናንት ለቁርስ አሥር ደቂቃ ብዘገይ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ዝም አለች። ዝምታዋን ታውቀዋለህ።

በላክህልኝ ፖስትካርድ ጀርባ ሦስት ጥያቄ ነበር። ስለ ጣራው ለጠየቅኸው፣ ጎረቤታችን አናጢው ጠግኖታል። ስለ ደም ግፊቴ ለጠየቅኸው፣ ሐኪሙ ደህና ነው ብሏል። ሦስተኛው ስለ መኪናህ ነው፤ ቀይዋ እንዴት ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሯን እያሞቁልኝ ነው ወይ ብለሃል። ቀይዋ ደህና ናት። ቀለሟ እንደ ወትሮው ነው፣ መስተዋቶቿን በየሳምንቱ እወለውላለሁ። ጎማዎቿ መሬት ስለማይነኩ አያረጁም። ትንሽ ክብደት ቀነሰች እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ለመሆኑ፣ እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት ያህል፣ የስፖርት መኪና ካምቢዮ፣ ማርሾቹ የሚኖሩበት ሳጥን፣ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው በስንት ብሎን ነው? እኔ ያገኘሁት ስምንት ነው። አናጢው ዘጠኝ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ዘጠነኛው ግን ከራሱ ኪስ የወደቀ ምስማር ነው።

በሰርግህ ቀን ከእጄ አውልቄ ያሰርኩልህ ሰዓትስ እንዴት ነው? በቀን ስንት ሰከንድ ይቀድማል?

ዳይሬክተሯ ይህን ደብዳቤ ስላላየችው ሰላምታዋን እኔው ጨምሬልሃለሁ።

አባትህ ሰዓት ሠሪው


መጋቢት 15

ለማከብራቸው አባባ፤

ደብዳቤዎን የመርከቡ ሞተር ክፍል ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ተቀምጬ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ወጥ ሠሪያችን "ቤት ሰው ሞተ እንዴ?" ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

አባባ፣ ብሎን መንገድ ላይ ወድቆ ሊገኝ ይችላል። የካምቢዮ ብሎን ግን ካልፈቱት አይገኝም። ክብደት ቀንሳለች ያሉትም አሁን ገብቶኛል። የቀነሰችው አርባ ኪሎ ነው፣ አባባ።

እርስዎን ለመቆጣት አንደበቴ አይታዘዝልኝም፤ የሚስቴ አባት ነዎት። ስለዚህ የምቆጣው አናጢውን ነው። ምን አግብቶት ነው? የሰው መኪና ሥር ምን ይሠራል? እጁን ያንሳልኝ! ይህን ቃል በቃል ያንብቡለት።

ያቺ መኪና ሚስቴን ከማወቄ በፊት የማውቃት ናት። ያላት ሁለት ወንበር ነው፤ በአንዱ እኔ፣ በአንዱ ልጅዎ። ከእኔ በቀር መሪዋን የነካ ሰው የለም። እርስዎም ቢሆኑ አምስት ደቂቃ እንዲያሞቋት ብቻ ነው አደራ ያልኩት።

አሁን የምጠይቀውን ይመልሱልኝ። በምን ላይ ቆማ ነው ጎማዎቿ መሬት የማይነኩት? በክሪክ ብቻ ከሆነ፣ አባባ፣ ስለ ልጅዎ ብለው ከሥሯ አይግቡ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። ካምቢዮው የት ነው ያለው? ዳይሬክተሯ ታውቃለች? ከሁሉም በላይ ደግሞ ለምን፣ አባባ? ለምን?

ሰኔ 20 ቤት እገባለሁ። እስከዚያ ምንም አይፍቱ፣ የፈቱትንም አይግጠሙ፣ ብቻ ምንም አይንኩ፣ አባባ።

ጽሕፈቴ ስለተበላሸ ይቅርታ፤ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል።

በታላቅ አክብሮት፣ አባባ፣
ልጅዎ መርከበኛው


መጋቢት 27

ልጄ፤

"አባባ" ብለህ ሰባት ጊዜ ጠርተኸኛል። ከሰባቱ ስድስቱ ሌላ ቃል ልትጽፍ አስበህ የተውካቸው እንደሆኑ ገብቶኛል። ለትዕግሥትህ አመሰግናለሁ። ለአናጢውም የጻፍከውን ቃል በቃል አንብቤለታለሁ። "ሰላም በልልኝ" ብሏል።

ቀይዋ የቆመችው በክሪክ አይደለም። አናጢው ከጠንካራ እንጨት አራት ወፍራም ታኮ ሠራላት። እኔ ከሥሯ ከመግባቴ በፊት መጽናቱን ሊያረጋግጥልኝ ኮፈኗ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ በዚህ በኩል ልብህ ይረፍ።

ካምቢዮው አልጋዬ ላይ ነው። ጋራዡ እርጥበት አለው፣ ዳይሬክተሯም ልብስ የምታሰጣው እዚያ ስለሆነ ወደ መኝታ ቤቴ አመጣነው። እኔ ፍራሽ አንጥፌ መሬት እተኛለሁ፤ ለጀርባዬ ተስማምቶኛል። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ እፈታዋለሁ፣ የመምጫዋ ሰዓት ሲደርስ ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እኔ መታጠቢያ ቤት ሳለሁ በድንገት መጣችና የመኝታ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ "አባዬ፣ ተኝተሃል?" አለችው። መልስ ስታጣ ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ስለዚህ አታውቅም።

ዕቃዎቹን በሙያዬ ሥርዓት ነው የያዝኳቸው። እንደ አወጣጣቸው ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሬ፣ አቧራ እንዳይነካቸው ትንንሾቹን በብርጭቆ፣ ትልልቆቹን በጎድጓዳ ሳህን ደፍቼባቸዋለሁ። የቤቱ ብርጭቆ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ዳይሬክተሯ ሰሞኑን ውሃ የምትጠጣው በቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ ብርጭቆዎቹ የት ገቡ ብላም አልጠየቀችም። ሥራ በዝቶባት ነው መሰለኝ።

ለምን ላልከው ግን አልቀልድም። ባለፈው ዓመት የአንድ ደንበኛ ሰዓት ጠግኜ ስመልስ አንዲት ብሎን ጠረጴዛዬ ላይ ቀረች። ሰውየው በሦስተኛው ቀን የቆመ ሰዓቱን ይዞ መጣ። እጄ መንቀጥቀጡን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር፤ ለካ ሁሉም ያውቃል። ልጄ ሱቄን ዘጋችው። መሣሪያዎቼን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "አባዬ፣ በቃ አሁን እረፍ" አለችኝ። ዐርፌ ዐርፌ ልሞት ደረስኩ። አሁን ደግሞ ሰኔ 30 ትምህርት ሲዘጋ መሣሪያዎቼን ከነ ሥራ ጠረጴዛዬ ለሙያ ትምህርት ቤት ልትሰጥ ወስናለች። ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ፈርማ፣ ራሷ ማኅተም መትታበታለች።

አንተ የሄድክ ዕለት ቀይዋን ወደ ጋራዥ ስታስገባት ድምፅዋን ሰማሁ። ቆይቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሞቃት፣ ከግቢ እንዳትወጣ ብለህ አስጠንቅቀኸኝ እያለ፣ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ድረስ ወጣሁ። ይቅር በለኝ። ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ጮኸችብኝ። ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ ሃምሳ ዓመት ሰምቻለሁ፤ ሰምቼ እንዳልሰማ መሆን አልችልበትም። ፈታኋት። የማርሾቿ ጥርሶች የጣቴን ጫፍ ያህል ናቸው፣ ልጄ። እጄ ቢንቀጠቀጥም አይስታቸውም! ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አስነስቼ ለልጄ ካሳየኋት የአባዬ እጅ አልቋል ብላ ጠረጴዛዬን ልትሰጥብኝ አትችልም። ካልተነሳች ግን እውነቷን ነው ማለት ነው። እባክህ፣ ምንም አይንኩ አትበለኝ። አስጨርሰኝ።

ስለ ሰዓቱ አልመለስክልኝም። ቸኩለህ ይሆናል።

አባትህ


ሚያዝያ 8

ለአባባ፤

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን መልስ አልጻፍኩም። የመጀመሪያውን ቀን ተናድጄ ነው። ሁለተኛውን ቀን አፍሬ ነው።

ያፈርኩበትን ልንገርዎ። ሁለተኛዋ ማርሽ ከታመመች አራት ዓመት ሆኗታል። አውቃለሁ። ለልጅዎ "የስፖርት መኪና የሚነዳው እንዲህ ነው፣ ከአንደኛ ዘልሎ ሦስተኛ" ብያት አምናኛለች። አንድ ቀን ይህንኑ ለመምህራኖቿ በኩራት ስታስረዳ ሰምቼ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብያለሁ። የሚያስፈልገው አንድ የነሐስ ቀለበት ብቻ ነው፤ ማርሿ ከመግባቷ በፊት ፍጥነቷን የሚያስማማላት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወደብ ላይ ገዝቼው ነበር። ከመለዋወጫው ጎማ ሥር በካልሲ ተጠቅልሎ ያገኙታል። እኔ እዚህ ቤት የሚያክል ሞተር በየጊዜው እፈታለሁ፤ ያቺን ግን የራሴ ስለሆነች ፈራኋት።

ይጨርሱት አባባ። ማርሽ መቀየሪያውን ዘንግ ሲስቡት ትንንሽ ኳሶችና ሞላዎች ፈንጥረው ይወጣሉና ፊትዎን ያርቁ። አሮጌውን ቀለበትና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገው ጥርሳቸውን ይቁጠሩ። ካምቢዮውን መልሰው ሲያስገቡት ከሞተሩ ጋር አልገጥምም ካለ ብሎን እያጠበቁ አያስገድዱት፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው የፍሪሲዮኑ ሸራ መሃሉን ስቶ ይሆናል፣ አስተካክለው ደግመው ይሞክሩ። ሲያልቅ ዘይቱን እንደሚገባው ያድርጉለት። መቼም ስለ ዘይት ለእርስዎ አይነገርም።

አናጢው ኮፈኗ ላይ ወጥቶ መወዛወዙን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ስንት ኪሎ ነው?

ልጅዎ መርከበኛው


ሚያዝያ 19

ልጄ፤

ስለ አናጢው ክብደት ጠይቀሃል። ለጤናው ማሰብህ ደስ ብሎታል።

ቀለበቱ ተገኘ። ካልሲውም ተገኘ። ዳይሬክተሯ የዚያን ካልሲ ጓደኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻው አስቀምጣ ስትጠብቅ ስለነበር፣ አጥቤ መሳቢያዋ ውስጥ አገናኘኋቸው። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ምሳ ላይ ሁለቱን ካልሲዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችኝ። እኔም ካልሲዎቹን አየሁ። ከዚያ በላይ ነገሩ አልተነሳም።

ስለ ኳሶቹ አታስብ። ሞላ ሲፈነጥር ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩበት ነገር ነው። ዘንጉን ከመሳቤ በፊት አንሶላ እንደ ድንኳን ሰቅዬ ከነካምቢዮው ውስጡ ገባሁ። ሦስቱም ኳሶች ዘለው አንሶላው ላይ ወደቁ። አናጢው የተፋጨውን አሮጌ ቀለበት በእጁ አገላብጦ "ይህንንማ በእንጨት እሠራልህ ነበር፣ ድምፅም አይኖረው" አለኝ። አመስግኜ ተቀበልኩት።

አዲሱ ቀለበት ጥርሱ ልክ ነው። በቦታው ሲቀመጥ ጠቅ አለች! ያቺን ድምፅ በየቀኑ ብሰማ ኖሮ ሱቄን ሳልዘጋ መቶ ዓመት እኖር ነበር።

ገጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ወደ ጋራዥ የመለስነው በአናጢው የእጅ ጋሪ ነው። ብርድ ልብስ አልብሰነው ግቢው መሃል ስንደርስ ዳይሬክተሯ በር ከፍታ ገባች። የዚያን ቀን ስብሰባ ቀርቶባት ኖሯል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"ሲሚንቶ ነው" አለ አናጢው።

"ሲሚንቶ ብርድ ልብስ ይለብሳል?"

"እርጥበት እንዳይነካው ነው" አልኩ እኔ።

ጋሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ አናጢውን አየች። "ቀስ ብላችሁ ግፉት፣ አባዬ ወገብህን" ብላ ገባች።

ከሞተሩ ጋር አልገጥምም ብሎን ነበር፤ እንዳልከው የፍሪሲዮኑን ሸራ ወደ መሃሉ አስተካክለን ስንገፋው ሰተት ብሎ ገባ። ስምንቱም ብሎኖች በቦታቸው ናቸው። ዘይቱንም እንደሚገባው አድርጌያለሁ። ዘይት መስጫዬ ስለተቆለፈብኝ የልብስ መርፌ ጫፍ ሞርጄ፣ አንድም ሳላባክን፣ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ ነው ያኖርኩት።

ግንቦት 1 ጠዋት ዳይሬክተሯ የዳይሬክተሮች ጉባኤ አለባት፤ ቀኑን ሙሉ አትመጣም። ያን ዕለት አስነስቼ አንድ ዙር እነዳታለሁ፣ ከዚያ ስትመለስ ግቢው በር ላይ ቆሜ እቀበላታለሁ። የምነግራትን ንግግር እንኳ አጥንቻለሁ።

ስለ ሰዓቱ ስጠይቅህ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሥራዬ ማዳመጥ ነው ልጄ፤ ዝም ያለ ነገር ሁሉ ይሰማኛል።

አባትህ


ቴሌግራም፣ ሚያዝያ 30

አባባ አያስነሱ። ስንት ሊትር ዘይት ጨመሩ። አያስነሱ። በአክብሮት ልጅዎ። አያስነሱ።


ግንቦት 2

ልጄ፤

ሊትር አልጨመርኩም። ስድስት ጠብታ ነው የጨመርኩት። ሰባተኛዋ በዝታብኝ በጨርቅ አነሳኋት።

ሰዓት ውስጥ ሁለተኛ ጠብታ ያንጠባጠበን ተለማማጅ ሁለት ሳምንት ወለል ያስጠርግ የነበረ ሰው ነኝ። ትልቅ ሰዓት ነው ብዬ ስድስት ሳደርግ እንኳ ለጋስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን አናጢው ማርሾቹ ዘይት ውስጥ ዋኝተው ነው የሚኖሩት አለኝ። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" ብለው "አንተ ባለሙያ ነህ፣ እኔ የእንጨት ሰው ነኝ" አለኝ።

ቴሌግራምህ የደረሰው ትናንት ጠዋት ነው። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ቁልፉን ሰክቻለሁ። አናጢው የጋራዡን በር ከፍቶ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቷል። በዚህ መሃል ከግቢው በር በኩል "አያስነሱ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ተማሪ በተሰለፈበት ሜዳ የሚጮህ ዓይነት ድምፅ። ሁለታችንም እጃችንን አነሳን። ዳይሬክተሯ ወደ ጉባኤው ልትሄድ ስትወጣ ቴሌግራም አድራሹን በር ላይ አግኝታው፣ ፈርማ ተቀብላ፣ ከፍታ አንብባዋለች።

ያለችኝን ለመጻፍ አቅም የለኝም። የጋራዡን በር ቆለፈችና ቁልፉን ከዚያኛው ቁልፍ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወደ ጉባኤዋ ሄደች።

የሚያንገበግበኝ መቆጣቷ አይደለም። እስከ ትናንት የተጠራጠርኩት እጄን ብቻ ነበር። ዛሬ ጭንቅላቴንም ተጠራጠርኩ። አንተ ባትደርስልኝ ኖሮ የደከምኩበትን ሁሉ በአንድ ዙር አቃጥዬው፣ መኪናህንም ገድዬብህ ነበር። ልጄ እውነቷን ነው። ሰኔ 30 ይውሰዱት፣ ጠረጴዛውንም መሣሪያውንም። ተማሪ ይማርበት።

መኪናህን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ስለ ሰዓቱ አልጠይቅህም፤ ከእንግዲህ ሰው ስለ ሰዓት የምጠይቅበት ፊት የለኝም።

አባትህ


ግንቦት 13

ለአባባዬ፤

ስድስት ጠብታ የሚለውን ሳነብ ሳቅሁ። አልዋሽዎትም፤ ሆዴን ይዤ፣ ወጥ ሠሪው ማማሰያውን እንደያዘ ሮጦ እስኪመጣ ድረስ ነው የሳቅሁት። ሰባተኛዋን በጨርቅ አነሳኋት የሚለው ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ።

ሰዓቱን ጠይቀውኝ ነበር። አሁን ልመልስልዎ።

ከሦስት ዓመት በፊት በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ለእርስዎ መላክ ሲገባኝ፣ እኔም መካኒክ አይደለሁ እንዴ ብዬ የወጥ ቤት ቢላዋ አምጥቼ ጀርባውን ከፈትኩት። ሳየው ውስጡ ደረቅ ነው። ምስኪን፣ ዘይት አልቆበታል አልኩ። የመርከብ ሞተር ዘይት አምጥቼ ሞላሁት። አባባ፣ እስኪፈስ ነው የሞላሁት። መስተዋቱ ሥር እንደ ሻይ ሆነ። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ቆመ፤ እስከ ዛሬም አራት ሰዓት ከአሥር ነው። መልሼ ስገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ለእረፍት ስመጣ በሙቀት ረጅም እጅጌ የምለብሰው ለዚህ ነው። ጊዜ የምጠይቀው ወጥ ሠሪውን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያውቀው ምሳና እራትን ብቻ ነው።

እና እርስዎ መኪናዋን እንደ ሰዓት አሰቧት፣ እኔ ሰዓቱን እንደ መርከብ አሰብኩት። ጭንቅላትዎ ምንም አልሆነም። ከሆነም ሁለታችንም ነን። ብቻ የእርስዎ በቴሌግራም ይድናል፣ ለእኔው ማንም አልደረሰለትም።

ሁለት ሊትር ተኩል ነው አባባ። በጎን ባለው ቀዳዳ፣ ሞልቶ ጠርዙ ላይ ማንጠባጠብ እስኪጀምር። ሲጨምሩ እንደሚያምዎ አውቃለሁና ፊትዎን ያዙሩ።

ለልጅዎም በዚህ ፖስታ ለብቻው ጽፌያለሁ፤ ስለ ሁለተኛዋ ማርሽና ስለ ስፖርት አነዳድ እውነቱን አንድ ሳላስቀር ነው የነገርኳት። ቁልፉን ከቦርሳዋ እንድታወጣም ለምኛታለሁ። ሰዓቱን ከነ ትርፍ ብሎኖቹ በክብሪት ቀፎ አድርጌ፣ ለእረፍት ወደዚያ ከሚሄደው የሥራ ባልደረባዬ ጋር ልኬልዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ያፈርኩት ሰዓቱን ስላበላሸሁት ሳይሆን ከእጅዎ አውልቀው የሰጡኝን ነገር ስለደበቅሁዎት ነው።

ኮፈኗ ጎድጉዷል? እውነቱን ይንገሩኝ።

ልጅዎ


ሰኔ 4

ልጄ፤

ስለ ኮፈኗ ደግመህ ጠይቀሃል። ሰኔ 20 ትመጣ የለ? በዓይንህ ታያታለህ። ግቢ ቆማ ዝናብ ሲዘንብባት ውሃ ታጠራቅማለች፤ ወፎች ወደውላታል።

ደብዳቤዎችህ የደረሱን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዳይሬክተሯ የራሷን ይዛ መኝታ ቤቷ ገባች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አልጠየቅሁም። ቦርሳዋን ከፍታ የጋራዡን ቁልፍ አወጣችና "ዘይት ገዝተሃል?" አለችኝ።

ለካ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ታውቃለች። እንዴት አወቅሽ ብላት "አንተ ስትተኛ ታንኮራፋለህ፣ አልጋው ላይ ያለው ግን ድምፅ አልነበረውም" አለችኝ። በሩን ከዘጋች በኋላ ደንግጣ፣ ሞተ ብላ ተመልሳ ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ካምቢዮ አገኘች። መልሳ አልብሳው ወጣች። ከወር በላይ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ የጠጣችው ዓይኗ እያየ ነው። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። "ጠዋት ጠዋት ስታፏጭ ሰማሁህ። እማዬ ከሞተች ወዲህ አፏጭተህ አታውቅም" አለች። እኔ ማፏጨቴንም አላወቅሁም ነበር። በቴሌግራሙ ቀን ጋራዡን የቆለፈችውም ተናዳ ሳይሆን ሳልታገሥ እንዳላስነሳት ፈርታ ነው። እኔ ግን ቆልፋ ስትሄድ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሊትር ተኩሉን ያንቆረቆረው አናጢው ነው። እኔ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ።

ሲያልቅ ወደ መሪው ስሄድ ልጄ ቀድማኝ ተቀመጠች። "ስምንት ዓመት ጎን ተቀምጫለሁ" አለች። ከእኔ በቀር መሪዋን የነካ የለም ብለኸኝ ነበር፤ እንግዲህ ተነክቷል፣ ከሚስትህ ጋር ተነጋገሩ። ሁለት ወንበር ስለሆነ አናጢው በእግሩ እስከ ማዕዘኑ ሱቅ ተከተለን። ተነሳች። አንደኛ ገባች፣ ወጣን። ከዚያ ልጄ ፍሪሲዮኑን ረግጣ እጇን ማርሹ ላይ አደረገችና እኔን አየችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሁለተኛ ገባች። ምንም ድምፅ አልነበራትም። ሃምሳ ዓመት ስሠራ የምፈልገው ያንን ነበር፣ ምንም ድምፅ አለመኖሩን። ሦስተኛ አስገቢ ብላት እምቢ አለች፤ "አራት ዓመት ሙሉ የዘለልናት እሷን ነው" ብላ ሰፈሩን በሙሉ በሁለተኛ ዞረችው። መምህራኖቿ በየቤታቸው በር ላይ ቆመው ሲያዩን ጡሩምባ ነፋች። ዳይሬክተር ከሆነች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ያየኋት ገና ያን ዕለት ነው።

ግቢ ገብተን ሞተሩን ስታጠፋ የመሳቢያውን ቁልፍ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው። ለሙያ ትምህርት ቤት የጻፈችውን ደብዳቤ ቀድዳዋለች። ማኅተሙ ያለበትን ቁራጭ ግን ለመዝገብ አስቀምጣዋለች፤ አመሏ ነው።

አሁን ስለ ሰዓቱ።

የክብሪት ቀፎው ደርሶኛል። ሲከፈት ቤቱ ወደብ ወደብ ሸተተ። በእሱ አልተቆጣሁም። እንዲያውም መስተዋቱ ሥር ያለውን ሻይ ሳይ፣ አንተም እንደ እኔው ያለ ሰው ነህ አልኩና ደስ አለኝ። ፈትቼ አጠብኩት። የተጎዳ ነገር የለውም፤ ዘይት ያንቀዋል እንጂ አይገድለውም። ደርድሬ ብርጭቆ ደፋሁበትና ልገጥመው ተቀመጥኩ።

ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ ልጄ። ትንሿን ብሎን በወረንጦ አነሳታለሁ፣ ቀዳዳዋ ጋ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትወድቃለች። በሦስተኛው ቀን ወረንጦውን አስቀምጬ አለቀስኩ። ለደብዳቤ እንጂ ለሰው የማልናገረው ነገር ነው። እጄ ለመኪና ይበቃል፣ ለሰዓት ግን ከእንግዲህ አይበቃም። ልጄ ሱቁን ስትዘጋው እውነቷን ነበር፤ ይህንንም ራሴ ነገርኳት። እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

ግን መኪናህን የጠገንኳት በማን እጅ ነው፣ በማን አንደበት? አንተ ባሕር ላይ ሆነህ ነገርከኝ፣ እኔ እዚህ ሠራሁ። እጅህ ትልቅ ነው፣ ነገር ግን አይንቀጠቀጥም፤ ጥሩ ጥፍርም አለህ። ሥራ ጠረጴዛዬ ጋ ሁለት ወንበር አድርጌያለሁ። ሁለተኛውን አናጢው ለአንተ ብሎ ሠርቶታል፤ ስለ ኮፈኗ ካሣ እንዲሆነው ነው መሰለኝ፣ በጣም ምቹ ነው። ና፣ እኔ ጎንህ ተቀምጬ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትገጥመዋለህ። ውሎ ሲያድር የሰው ሰዓትም እንቀበላለን።

ቢላዋ ይዘህ እንዳትመጣ። ዘይት የሚባል ነገርም በሻንጣህ አላይ። የዘይቱን ነገር ለእኔ ተወው፤ ትንፋሼን ከያዝኩ ለአንዲት ጠብታ የሚሆን እጅ አሁንም አለኝ።

አባትህ ሰዓት ሠሪው